ዊንቹ ሲያትል፣ አናጢው ሽሮ ሜዳ

ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ስለ ባሕር መጨነቅ ያስቃል። ሰፈራችን እንጦጦን ተደግፎ፣ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ጉለሌ ውስጥ ውኃ ሲባል ትዝ የሚለን ወይ በፈረቃ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ፣ ወይ የእንጦጦ ጠበል፣ ወይ ደግሞ ክረምት ላይ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ከሦስቱ አንዱም ጀልባ አያንሳፍፍም። ይሁንና ባለፈው በጋ በእኛ መንደር፣ ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ ብዙ የተወራለት ጉዳይ ሲያትል የምትገኝ የአንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ጤንነት ነበር።

የጀልባዋ ባለቤት የአክስቴ ልጅ ነው። ሌላው ሐበሻ ጥቂት ሲያጠራቅም ቤት ይገዛል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ ቦታ ያፈላልጋል። እሱ ግን ባገለገለ መኪና ዋጋ፣ ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር የሚጠጋ፣ በዕድሜም የምትበልጠው ጀልባ ገዛ። ገዝቶ ዝም ቢል ደግ ነበር፤ ለእናቱ ደውሎ አበሰራት።

የአዲስ አበባ እናት ጀልባ ሲባል የሚታያት ሽርሽር አይደለም። የመንና ሊቢያ ናቸው፤ የጎረቤት ልጅ ፎቶ ተሰቅሎ የሚለቀስበት ድንኳን ነው። አክስቴ ስልኩን እንደያዘች ጮኸች፣ «አሜሪካ ከገባህ በኋላ ደግሞ በጀልባ ወዴት ልትሄድ ነው?» መልስ አልጠበቀችም። «ሰው ከጀልባ በሰላም ለመውረድ ይሳላል፣ የኔ ልጅ በገዛ ገንዘቡ ይሳፈራል!» ብላ በማግስቱ እንጦጦ ማርያም ወጥታ ጃንጥላ ተሳለች። ልጁ ሊያረጋጋት ፈልጎ፣ «አይዞሽ እማዬ፣ የትም አትሄድም፤ ኮክፒቷ በስብሷል» አላት። እሷ የምታውቀው ኮክፒት የአውሮፕላኑን ነው። በቃ፣ አውሮፕላንም ገዝቷል ተብሎ ተወራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸራ ጀልባ ከኋላ በኩል ወለሏ ዝቅ ይልና ሰው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ይሠራላታል። እሱ ነው ኮክፒቱ። ዙሪያውን ከፍ ያለ ክፈፍ አለው፤ ፈረንጆቹ ኮሚንግ ይሉታል። ማዕበል ሲረጭ ውኃው ተቀማጮቹ ላይ እንዳይገለበጥ ይመክታል፣ ለጀርባም መደገፊያ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ከባድ ሸክም አለበት፤ ዊንቹ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ዊንቹ የሸራውን ገመድ የሚጠመጥሙበት፣ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር በሚሆን እጀታ የሚያዞሩት ብረት ነው። ንፋስ ሲበረታ ሸራው ገመዱን በመቶ ኪሎዎች በሚቆጠር ጉልበት ይስበዋል፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ዊንቹን በያዙት ጥቂት ብሎኖችና ብሎኖቹን በያዘው እንጨት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ዊንቹን ሲያዞር ዊንቹ ሳይሆን መቆሚያው ዞረ።

ታዲያ ሲያትልን በሚያህል የጀልባ አገር ባለሙያ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም፤ ልጁ ዘንድ የጠፋው በሰዓት የሚያስከፍሉት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ፎቶ አንስቶ ለእኔ ላከ፤ እኔም ይዤ የሰፈራችን አናጢ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዕቃ ሲሠሩና ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶውን አዩና «የሸማኔ ጉድጓድ ነዋ!» አሉ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ኋላ ሳስበው ልክ ነበሩ። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎቻችን የሚሠሩት ከመሬት በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው ነው። እግር ይረግጣል፣ እጅ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ የተሠራው ጥበብ ፊት ለፊት ባለው ግንድ ላይ ይጠቀለላል። ድሩ ውጥር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግንዱን እንደሳበ ይውላል። ግንዱን የተሸከሙት ችካሎች የላሉ ዕለት ጥለቱ ይንሻፈፋል፣ ሸማኔውም አናጢውን ይረግማል። «ብረቱን ተወውና የተቀመጠበትን ያሳየን» አሉኝ። «የሚታመመው የሚጎትተው አይደለም፤ ተጎታቹን የያዘው ነው።»

ምርመራው በቴሌግራም ቪዲዮ ተካሄደ። እዚህ ምሽት ነው፣ እዚያ ጠዋት። «በመዶሻው እጀታ ቀስ እያልክ ምታው፣ እኔ እሰማሃለሁ» አሉት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ዱፍ። «ቁም! እዚያ ጋ ሞቷል፤ በእርሳስ ክበበው።» ኳ፣ ኳ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። «እሱንም ክበበው።» ደህና እንጨት ኳ ይላል፣ የበሰበሰ ዱፍ ይላል። ፈረንጆቹ የጀልባ መርማሪዎችም በመዶሻ እያንኳኩ ነው የሚያዳምጡት፤ ልዩነቱ አናጢያችን ቡና አጠጥተናቸው መሥራታቸው ነው። መሐል ላይ ድምፁ ተቆራረጠና ጭራሽ ጠፋ። «ይሄኛው ጨርሶ አልቋል፣ ድምፅም የለው» አሉ። «አባባ፣ ኔትወርኩ ነው» አልኳቸው። «እሱም በስብሷል» አሉ።

ሲከፈት የተገኘው እንደተባለው ነው። ክፈፉ ከላይም ከታችም ፋይበርግላስ የለበሰ ኮምፔንሳቶ ነው፤ መሐሉ ጠቁሮ በጣት ይፈረፈራል። ውኃው የገባው በሰፊው ባሕር በኩል አይደለም፤ በብሎኖቹ ቀዳዳ ነው። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ዊንቹ ፀጉር ታህል ይነቃነቃል፣ ቀዳዳው ፀጉር ታህል ይከፈታል፣ ጠብታ ትገባለች። የገባችው ጠብታ በሁለት ፋይበርግላስ መሐል ታፍና መውጫ ስለሌላት እዚያው እየዋለች እያደረች እንጨቱን ትበላለች። የቀድሞው ባለቤት ይህን አይቶ ያደረገው ነገር ቢኖር ዳር ዳሩን በሲሊኮን መለቅለቅ ነው፤ ከላይ ያማረ፣ ከውስጥ የከፋ። የባሰው ደግሞ ከታች ነበር። ያን ሁሉ ጉልበት ለመቋቋም ከዳዶው ሥር የተደረገችው አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ናት። «ሮንዴላ አይበቃም፤ ሰፊ ላሜራ ያስፈልገዋል፣ ሸክሙን ይበትነዋል» ብለው ፈረዱ። ልጁ ሞርሳና ካቻቢቴ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ሰምቷቸው ስለማያውቅ፣ ከጥገናው ይልቅ በናፍቆት ጊዜ አጠፋ።

ወሬው ሲዛመት ሁለተኛ አማካሪ መጡ፤ ምጽዋ ያገለገሉ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ጎረቤታችን። እሳቸው መርከብ ሲሉ «ኢትዮጵያ» የምትባለውን ማለታቸው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ የሠራቻትና በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የተሰጠችን። ግንቦት 1983 ላይ ወደ የመን ሸሽታ፣ በ1985 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት እኛም ባሕር አልባ ሆንን። እኚህ ሰው ሃዘናቸው እስካሁን አልወጣላቸውም፤ ምክራቸውም ብረት ብረት ይላል። «እንጨቱን አንሳና በብረት ቀይረው፣ ቀለም ቀባው፣ አለቀ!» አናጢው ባሕር አላዩ፣ ባሕረኛው በሸራ አልሄዱ፤ ሁለቱ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ የመንደሩ ልጆች ኳስ ትተው ያዳምጡ ነበር።

ሆኖም ባሕረኛው ያለ ምክንያት አልመጡም። ፎቶውን አተኩረው አይተው፣ «ይሄ ዊንች ዘንበል ማለት አለበት» አሉ። ገመዱ ወደ ዊንቹ ሲደርስ ከታች ወደ ላይ ትንሽ እያቀና መምጣት አለበት፤ እኩል ወይም ከላይ ከመጣ አንዱ ጥምጥም በሌላው ላይ ይወጣና ይቆለፋል። በማዕበል መሐል የተቆለፈ ገመድ አይላላም፣ አይጠብቅም፤ ሸራው እንደተወጠረ ይቀራል። ስለዚህ ከዊንቹ ሥር በአንድ ወገን ወፈር፣ በሌላው ሳሳ ያለ ክብ እንጨት ይቀመጣል። አናጢው ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

አክስቴ ግን ከነጭራሹ «ሐበሻና ጀልባ ምን አገናኘው?» ባይ ናት። ይህ በታሪክም አያስኬድም። የጣና ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ ስንት ዘመናቸው! አፄ ቴዎድሮስ እንኳ በ1858 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ በእጅ በሚዞር መንኮራኩር የሚሄድ የደንገል ጀልባ አሠርተው ነበር፤ በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ ጽፎታል። እኔ የሚገርመኝ መድፋቸው ሴባስቶፖል በየቲሸርቱ ሲታተም ያቺ ጀልባ አንድ ፖስታ ካርድ እንኳ አለማግኘቷ ነው። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «እሳቸውስ መጨረሻቸው አማረ?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ሥራው ተጀመረ። ልጁ የውስጡን ፋይበርግላስ ቆርጦ አነሳ፣ ጥቁሩን እንጨት በመሮ ፈነቀለ፣ የቀረውን በማሞቂያ አደረቀ። ለባሕር ተብሎ የሚሠራ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ በኢፖክሲ አጣበቀ። የብሎኑን ቀዳዳ ደግሞ ከሚያስፈልገው አስፍቶ በሳው፤ በወፍራም ኢፖክሲ ሞልቶ፣ ሲደርቅ መሐል ለመሐል በብሎኑ ልክ እንደገና በሳው። እንዲህ ሲሆን ውኃ ቢሾልክ እንኳ የሚያገኘው የደረቀውን ኢፖክሲ እንጂ እንጨቱን አይደለም። አናጢያችን ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና «ጎሽ! ይሄን ያሰበ ሰው እንጨት ያውቃል» አሉ። የኢፖክሲውን ዋጋ ሲሰሙ ግን ምስጋናቸውን መልሰው ወሰዱ።

የቀረው ከዊንቾቹ ሥር የሚገባው ክብ እንጨት ነው፤ ግራና ቀኝ፣ ሁለት። አክስቴ ገንዘብ ለማዳን «እንጦጦ ላይ የሞላው ባሕር ዛፍ አይሆንም?» አለች። «ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል» አሉ አናጢው። ጽድስ? «አይበሰብስም፤ ግን ብረት ሲጫነው ይረግባል።» በመጨረሻ ከፈረሰ ቤት ገዝተው ያስቀመጡትን የወይራ ምሰሶ ከጓዳ አወጡ። ባሕረኛው ዘንበል የሚልበትን ልክ በወረቀት ሣሉ፣ አናጢው በመላጊያና በሞረድ ቀረጹ፤ ወይራው ሲላግ የወጣው ሽታ ቅያሱን ሞላው። ፍቅራቸው ግን እዚያው አበቃ፤ ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ በሚል እንደገና ተኳረፉ። ልጁ በኋላ ገመድ ዘርግቶ ሲለካ ባሕረኛው ልክ ሆነው ተገኙ፤ አናጢው ግን እስካሁን አልተቀበሉም።

የግራው ክብ በአንዲት ዘመዳችን ሻንጣ፣ በበርበሬና በሽሮ መሐል ተሸጉጦ ሲያትል በሰላም ገብቷል፤ ተገጥሞም ቆሟል። የቀኙ ዘይት ጠጥቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አክስቴ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ በቅርቡ ወደ ሲያትል የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ፣ ቅርፊት የሌለው፣ የማይሰበርና የማይፈስ ዕቃ ነውና አደራ ተቀበሉን። አክስቴ ግን ሁለት ኪሎ ሽሮ አብሮ ካልሄደ እንጨቱን አላስረክብም ብላለች፤ ቦታችሁን በሦስት ኪሎ አስቡት።