ጋሼ የሉም

በአንድ ኤ3 ወረቀት ላይ 24 ቢዝነስ ካርድ ይሰለፋል፤ አንዱ 9 በ5 ሳንቲሜትር ነው። የተለያዩ ደንበኞችን ትዕዛዝ ባንድ ወረቀት አሰባስበን ስናትም፣ ጊሎቲኑ ወርዶ በተነሳ ቁጥር ዋና ሥራ አስኪያጆች፣ ፕሬዚዳንቶችና መሥራቾች እየተቆረጡ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ። የአንዱ ድርጅት ገና ቢሮ የለውም፤ የካርዱንም ቀሪ ሂሳብ "ነገ" ተብዬ እየጠበቅሁ ነው። ካርዱ ላይ ግን ሰውየው ፕሬዚዳንት ነው፤ እኔም ስሙን በወርቃማ ቀለም አድምቄለታለሁ። እንዲህ የሰው ማዕረግ ሳትም የምውል ሰውዬ ለራሴ ካርድ አልነበረኝም። "እስቲ ካርድህን" ሲሉኝ "አልቆብኛል" እላለሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ቆሜ።

ሱቄ አራት ኪሎ ነው። ሰፈሩ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ሰፈር ነው፤ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ነጋሪት ጋዜጣ የሚያትም ድርጅት። በሱ ደጃፍ አንዲት ዲጂታል ማሽን ተክሎ "ማተሚያ ቤት" የሚል ታፔላ መስቀል ድፍረት ይጠይቃል። ኦፍሴት ማሽን የለኝም። ብዛት ያለው ሥራ ሲመጣ ዲዛይኑን ሠርቼ፣ ፕሌት አስወጥቼ፣ ማሽኑ ላላቸው እሰጣለሁ። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ነውር የለውም። ሌሊት ግን "አንተ ደላላ ነህ እንጂ አታሚ ነህ እንዴ?" የሚል ድምፅ ይመጣብኛል። ቀን ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሰው ገብቶ "የዚህ ቤት እውነተኛ ባለቤት የታለ?" የሚለኝ ይመስለኛል።

እናም አንድ ቀን አንዱ ገብቶ ያንኑ አለኝ። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። እኔ እጄ በቶነር ጠቁሮ ማሽኑ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ስስብ ነበር። "ባለቤቱን ፈልጌ ነበር።"

"የሉም፤ ወጥተዋል" አልኩት።

ሰውየው ምንም አልተጠራጠረም። "እንግዲያው ጋሼ ሲመጡ ንገራቸው" ብሎ የስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄደ። ጋሼ የተወለዱት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ሲወለዱም ሽማግሌ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮ ቀለለኝ። ዋጋ ቀንስ ሲሉኝ "ጋሼ እሺ አይሉም"፣ ዱቤ ሲጠይቁኝ "ጋሼ ያባርሩኛል"። በራሴ ስም ቢሆን ከነዚህ አንዷ ከአፌ አትወጣም። የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ ካርድ ያሳተሙ እናት ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፤ "ለጋሼ አድርስልኝ የኔ ልጅ።" ቤት ወስደን በላነው። ባለቤቴ ነገሩን በጣም ወደደችው፤ በማግስቱ "ጋሼ ስትመጣ ሽንኩርት ይዘህ ና ብለዋል" ስትል ደወለችልኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ፣ "ጋሼ እኮ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደሞዝ ይጨመርልሃል ብለውኝ ነበር" አለኝ። ምን ልበለው? ጋሼን ልካድ?

የሚገርመው ንግድ ፈቃዴ ከወንበሬ በላይ ተሰቅሏል፤ ፈቃድ በሚታይ ቦታ መሆን አለበትና። ስሜና ፎቶዬ አለበት። ፎቶው ላይ ክራባት አድርጌያለሁ፤ ክራባቱ የፎቶ ቤቱ ነው። አንድ ቀን ባነር የሚጠብቅ ደንበኛ ሥራ ፈትቶ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ያይ ጀመር። አለቀልኝ ብዬ ማስተባበያ ሳዘጋጅ፣ "አይ ደም! ቁርጥ አባትህን!" አለኝ።

ደግሞስ ሕጉ ራሱ ከኔ በምን ይሻላል? በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስንቱ ነጋዴ ነው ለሚስቱ ወይም ለወንድሙ ትንሽ ድርሻ ጽፎ "ማኅበር" የሆነው! ሸሪኩ ስብሰባ ተጠርቶ አያውቅም፤ ሸሪክ መሆኑንም የረሳ አለ። አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲሆን የተፈቀደለት በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ ሕግ ነው። ስድሳ ዓመት አገር በሙሉ ለወረቀት ሲል ሰው ሲጨምር ኖሮ፣ እኔ አንድ ሽማግሌ ብጨምር ምን ይገርማል?

ለዚያ የሌሊት ጭንቀቴ ስም እንደወጣለት ያወቅሁትም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የሥራ ፈጠራ አሠልጣኞች ጥራዝ ሊያሳትሙ መጡና ገጹን ሳስተካክል አንዱ ምዕራፍ ላይ ቀረሁ። በ1978 እ.ኤ.አ. ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ150 በላይ የተሳካላቸው ሴቶችን ይዘው ጽፈዋል። ሴቶቹ ዲግሪ ጭነዋል፤ በሙያቸው ተከብረዋል፤ ግን "ሰዎቹ ተሳስተው ነው፤ አንድ ቀን ጉዴ ይወጣል" እያሉ ይባንናሉ። ወንዱም ከዚህ እንደማያመልጥ ኋላ ታውቋል። በሽታ ብለው አልመዘገቡትም። የሚረዳውም፣ እንዲህ የሚሰማቸው ሰዎች ተሰብስበው ገበናቸውን ሲያወሩ ነው ይላሉ። አሜሪካ ላይ ይሆን ይሆናል። አራት ኪሎ ላይ የትኛው አታሚ ነው ወንበር ስቦ "እኔ እኮ አልችልም" የሚለው? ቢል፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኞቹን ተካፍለናቸዋል።

ጉዱ የፈላው በ2014 ክረምት ነው። አንድ ማኅበር ለአዲሱ ዓመት ሁለት ሺህ የግድግዳ ካላንደር ፈለገ። የግዥ ኃላፊዋ ናሙናውን አየች፣ ወደደች፤ ከዚያ "ነገ ለውል ስመጣ ጋሼ ይኑሩልኝ" አለች። "ጋሼ እኔው ነኝ" ማለት ይቻል ነበር። ግን እስከዚያ ቀን የተከለከለው ዱቤ ሁሉ፣ የተበላው ድፎ ዳቦ ሁሉ ሊጠየቅ ነው። ፊርማው ያው የኔ ነው፤ ፈቃዱም በስሜ ነው። ልጅቷ የፈለገችው ሽበት ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ካፖርት አላቸው፤ ድምፅ አላቸው። ነገሩን ዘርዝሬ ስነግራቸው አልሳቁም። "ዝም ብዬ ልቀመጥ ወይስ ልናገር?"

"ዝም ቢሉ ይሻላል።"

"እሺ" አሉ።

ዝም አላሉም። ልጅቷ ገና ከመቀመጧ ናሙናውን አንስተው በሁለት ጣታቸው ዳበሱት፤ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። "ስንት ግራም ነው?" "150 ነው ጋሼ።" "ለዚህች ልጅማ አይመጥንም፤ 170 አድርገው።" በዚያው ዋጋ! ከዚያ ወደሷ ዞሩ፤ "መቼ ነው የሚያስፈልግሽ?" "ከጳጉሜን በፊት ቢደርስልኝ..." "ነሐሴ 20 ትወስጃለሽ። አሥር በመቶም ይቀነስላታል።" ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ነካሁ። "ምን ሆንክ?" አሉኝ፣ ጮክ ብለው። ልጅቷ በሁለት እጇ ጨብጣቸው ስትወጣ፣ በሩ ላይ ቆም ብላ "ከሳቸው ተማር" አለችኝ።

ነሐሴ ጠፋብኝ። ኦፍሴት ያለውን ሰውዬ ስለምን፣ መብራት ሲሄድ ስጠብቅ፣ ሲመጣ ስሮጥ ከረምኩ። አሥር በመቶውና 20 ግራሙ ትርፌን ጠራርገው በልተውታል። እሳቸው እቴ! ፕሌት ከመውጣቱ በፊት ብቅ ብለው ስክሪኑን አዩና የመጨረሻው ገጽ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ፤ "2015 እኮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ናት!" ካላንደሩን የሠራው ልጅ አምስት አድርጎ ዘግቶታል። አንዲቷን ቀን ጨመርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ማን ይቻላቸው!

የሚደንቀኝ፣ እኒህ ሰው ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት እግራቸውን አስገብተው አያውቁም፤ ባለቤት ነኝ ብለው ሲቀመጡ ግን ቅንጣት አልደነገጡም። ፈቃዱ፣ ግብሩና ዕዳው በስሙ ያለበት ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ዋናው አስመሳይ ከግድግዳው ወዲያ ያንኮራፋሉ። ክላንስና አይምስ እሳቸውን ቢያገኟቸው ምን ይሉ ይሆን?

ካላንደሩ ነሐሴ 20 ከሰዓት በኋላ ተጭኖ ሄደ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፤ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የሳቸው ሆናለች። የቀለሙን ነገር ይተቻሉ፤ ለልጁ የቤት ሥራ ይሰጡታል። ለኔም ቀስ በቀስ የመጣልኝ ነገር አለ፤ "ባለቤቱ የታለ?" ሲሉኝ "ምን ነበር?" እላለሁ፤ ነገሩ ከከበደኝ ብቻ በአገጬ ወደ በሩ አመለክታለሁ።

በቀደም አንድ ጎረምሳ ቲሸርት ሊያሳትም ገባ። ዋጋ ነገርኩት። ተጠጋኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ ትናንት ማታ አብረን ነበርን። 'ሃያ በመቶ ይቀንስልህ፣ እኔ ነኝ ያልኩት በለው' ብለውኛል" አለኝ።

ጋሼ ከጀርባው ቡናቸውን ይዘው አዲስ ዘመን ያነባሉ። ቀና እንኳን አላሉም።

"አሥር ነው ያልኩህ" አሉት።