ጆሮ ያለው ጊታር

ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ወደ ሰፈሩ ሲገባ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም «ለልጅዎ ነው?» የሚል ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከዘበኛው፣ ከባለ ሱቁ፣ ከገዛ ባለቤቴም ሳይቀር በትዕግሥት ተቀብዬ፣ መሣሪያው ለእኔው ለራሴ መሆኑን፣ ምክንያቱም ሰላም ሥዩም በአይቤክስ በኋላም በሮሃ ባንድ ይጫወተው የነበረው ጊታር ከጉብዝናዬ ወራት አንሥቶ ከጆሮዬ ያልወጣ መሆኑን በሰፊው ባስረዳም፣ ሰሚዎቼ ሁሉ በታላቅ አክብሮት ራሳቸውን ከነቀነቁ በኋላ ልጄን እንኳን ደስ አለህ ብለውት ሄደዋል።

በዚህ ዕድሜ መጫወት አይቻልም ለሚለኝ ሰው ግን አፉን የማስይዝበት የታሪክ ማስረጃ አለኝ። ይህ ስትራቶካስተር የሚባለው ባለ ሁለት ቀንድ የጊታር ዐይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ለገበያ ሲወጣ፣ አባቱ ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ፣ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ብልኅ ሰው ነበረ እንጂ ጊታር መጫወትስ አይችልም ነበር። እንግዲህ ጊታር አለመቻልን በሚመለከት የእኔ ሥልጣን ከመሥራቹ ጀምሮ በሐዋርያዊ ቅብብሎሽ የወረደ ስለ ሆነ፣ ማንም ተነሥቶ ሊነቅፈው አይገባም። የእኔ ጊታር በእርግጥ የዚያ ቤት ሥራ አይደለም፤ ቅርጹን ወርሶ ስሙን ያልወረሰ፣ የትውልድ አገሩ በጀርባው ላይ በደቂቅ ፊደል ተጽፎ ኋላም የተፋቀ፣ ዋጋው ግን ለጡረተኛ የሚራራ ዕቃ ነው።

ከአምፕሊፋየሩ ጋር ባገናኘሁት ጊዜ፣ ጣቴ ገና ክሩን ሳይነካ፣ ወፍራምና የማያቋርጥ ጉምጉምታ ቤቱን ሞላው። ነገሩን መርምሬ እንደ ተረዳሁት፣ በክሮቹ ሥር የተቀመጡት ሦስቱ ፒካፖች እያንዳንዳቸው በመግነጢስ ዙሪያ እንደ ጠጉር የቀጠነ ሽቦ 8,000 ጊዜ ያህል ተጠምጥሞባቸው የተሠሩ በመሆናቸው፣ የብረቱ ክር ሲርገበገብ መግነጢሱ የሚታወከውን መታወክ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው ይልካሉ፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ጥምጥም የሚያዳምጠው ክሩን ብቻ ሳይሆን፣ በግድግዳው ውስጥ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን የቤቱን ኤሌክትሪክ ጭምር ነው። ስለዚህ መሣሪያ ገዛሁ ብዬ ስገባ ጆሮ ገዝቼ ገብቻለሁ። ማቀዝቀዣው ሥራ ሲጀምር ጧ ይላል፤ የኮሪደሩ ፍሎረሰንት ሲበራ ይነጫነጫል፤ ተንቀሳቃሽ ስልኬ ሊጮኽ ሲል፣ ስልኩ ራሱ ገና ሳያውቅ፣ ጊታሩ ትር ትር ትር እያለ አስቀድሞ ትንቢት ይናገራል። ከመሣሪያው ከሚወጡት ድምፆች ሁሉ ባለቤቴ ረብ ያለው ብላ የተቀበለችው ይህንኑ ትንቢት ብቻ ነው። ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ይልቁን የሚያስቆጨው፣ ጉምጉምታው ከሶል ጥቂት ከፍ ብሎ መቆሙ ነው፤ ሶል በታችኛው እርከን 49 ንዝረት ሲሆን የከተማው ኤሌክትሪክ 50 ነውና፣ ከእርሱ ጋር ተስማምቶ መጫወት የሚሻ ሰው ክሮቹን በሙሉ ለግድግዳው መቃኘት ይኖርበታል።

ይህ ጉምጉምታ ደግሞ አቅጣጫ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ጊታሩን አንግቼ በክፍሉ መካከል ቀስ ብዬ ስዞር፣ ወደ ሰሜን ያጓራል፣ ወደ ምዕራብ ያጉተመትማል፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ የመለስሁ እንደ ሆነ ግን ከሞላ ጎደል ዝም ይላል፤ ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል ሕዝቡን ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት የሚያዝበትን ሥርዓት ጠንቅቆ ያወቀ ይመስላል። አንድ ሌላም ጠባይ አለው። በጠበል ቦታ ያለው ርኩስ መንፈስ መስቀል ሲያርፍበት እንደሚጮኽ የታወቀ ሲሆን፣ የእኔው ግን እጄን በክሮቹ ላይ ሳሳርፍበት ጸጥ ብሎ፣ እጄን ሳነሣለት ነው የሚለፈልፈው፤ ሰውነቴ ከክሮቹ ጋር ሲገናኝ ወደ ሽቦው የሚሄደውን ብክለት ስለሚያስቀርለት ነው አሉ። ሴት ላቨር የተባለ የጊብሰን ፋብሪካ መሐንዲስ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1955 ጀምሮ፣ ሁለት ጥምጥሞችን በተቃራኒ አጣምሮ ጉምጉምታውን እርስ በርሱ የሚያጠፋፋበትን ፒካፕ አበርክቷል፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ፒካፕ ዋጋ ይልቅ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መቆም ስለሚረክስ፣ ልምምዴን ሁሉ ወደዚያው ቆሜ እፈጽማለሁ። በዚያ በኩል ያለው የጎረቤቴ የወጥ ቤት መስኮት በመሆኑ፣ እትዬ ሽንኩርት ሲያቁላሉ እኔ ስጫወት ዐይን ለዐይን እንተያያለን።

ቅኝቱ የራሱ ምዕራፍ ነው። በጀርባው ያለው የፕላስቲክ ክዳን ሲከፈት፣ ክሮቹ የታሰሩበትን ድልድይ ወደ ኋላ የሚስቡ ሞላዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከፊት ክሮቹ ይስባሉ፣ ከኋላ ሞላዎቹ ይስባሉ፣ ድልድዩም በሁለቱ ኃይላት መካከል ተንሳፍፎ ይኖራል። ስድስተኛውን ክር ጠበቅ ያደረጉት እንደ ሆነ ድልድዩ ወደ ፊት ያዘነብልና የቀሩት አምስቱ ይረግባሉ፤ አምስቱን ቢያጠብቁ ደግሞ ስድስተኛው ይረግባል፤ እንዲህ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ የሠርክ ጸሎት ይደርሳል። አንድ ቀን በብዙ ድካም ቃኝቼ፣ አንዲት የትዝታ ዜማም ከዳር እስከ ዳር ተጫውቼ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ወደ መስኮቱ ቀና ብል፣ እትዬ ማማሰያቸውን እንደ ያዙ በርኅራኄ ተመለከቱኝና «ጋሼ፣ እስካሁን አልጀመሩትም እንዴ?» አሉኝ።

መብራት በጠፋ ጊዜ ግን የቤቱ ጉምጉምታ ሁሉ ይጠፋል። ጊታሩም ያን ጊዜ ጌጡን እንዳወለቀ ሰው ቀጥኖና ትሑት ሆኖ፣ በባዶ እንጨቱ ብቻ ይሰማል፤ በአምፕሊፋየር ያልታወቀው ነውሩም ይገለጣል። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ በደረቀ ሰሞን፣ ስድስተኛው ክር በሰባተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ዝዝዝ እያለ ከቀጣዩ ብረት ጋር መነካካት ጀምሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ምሽት በዐቢይ ጾም በገና የሚደረድሩ አንድ መሪጌታ ሊጠይቁኝ መጥተው በሻማ ብርሃን ተቀምጠን ሳለ፣ ለቁም ነገር ያህል ጥቂት ነካካሁላቸው። የላይኞቹን ክሮች ፊታቸውን ሳያፈኩ አዳመጡ፤ ያ ክር ሲንዘረዘር ግን ዐይናቸውን ከደኑ።

«ይህ የትኛው አውታር ነው?»

«ስድስተኛው ነው፣ የኔታ። ጉድለት አለበት፤ ነገ ጠጋኝ ይመጣል።»

«ማነው ጉድለት ያለው? በገና ላይ በየአውታሩ ሥር እንዚራ የሚገባው፣ ያ ቁራጭ ቆዳ ልክ ይህን መንዘርዘር እንዲያወጣ አይደለምን? እኛ አሥሩ አውታር እንዲንዘረዘር ቆዳውን ስንገፋና ስንስብ እንውላለን፤ ላንተ አንዱ ያለ ድካም ተሰጥቶሃል። ከዚህ ዕቃህ ሌላው ሁሉ ዘፈን ነው፤ ይህች ብቻ ወደ መዝሙር ትጠጋለች።»

እኔም ፍርዱን በደስታ ተቀበልሁ፤ በገዛሁት ዕቃ ላይ የተነገረ የመጀመሪያው በጎ ቃል ነበርና። ነገሩንም ከልቤ ሳስበው እውነት አላቸው፤ አንዱ መሣሪያ በብልኅ እጅ ተጨንቆ የሚፈልገውን ድምፅ ሌላው እንደ በሽታ የሚታከምበት ምክንያት ከልማድ በቀር ምን እንደ ሆነ አይታየኝም።

ጠጋኙ በማግሥቱ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዐይኑ አንሥቶ አንገቱን ቁልቁል አነጣጠረበትና፣ «ጋሼ፣ እንጨቱ ተለምጧል፤ በውስጡ የብረት ዘንግ አለ፣ ሩብ ዙር ባዞረው ንዝሩ ይጠፋል» ብሎ መፍቻውን አወጣ። የመሪጌታውን ትምህርት ከነምስጢሩ፣ ስለ እንዚራውም ስለ ዳዊት በገናም ጨምሬ፣ አብራራሁለት፤ እርሱም እስከ መጨረሻው በጨዋነት ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ታዲያ ምኑን ልሥራልዎ?» አለኝ። ኬብሉ የሚገባበት ጃክ ላልቶ ይንቀጫቀጭ ስለ ነበረ፣ እርሱን ብቻ እንዲያጠብቅልኝ ነገርሁት፤ ከመቅጽበት አጠበቀው። ሒሳቡን ስጠይቀው ግን የሁለት ሥራ ዋጋ ጠራብኝ።

«አንገቱን መቼ ነካኸው?»

«አልነካሁትም፣ ጋሼ፤» አለኝ መሣሪያዎቹን ወደ ቦርሳው እየመለሰ፣ «ሁለተኛው የትምህርቱ ጊዜ ነው።»