በኤክሴል ይላክልን

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ የሶፍትዌር ገጽ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚያስተረጉም መሥሪያ ቤት ከገጠማችሁ፣ «በምን ዓይነት ፋይል ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በኤክሴል ነዋ! ደግሞ በምን ሊሆን ኖሯል?

እርግጥ ጌትቴክስት የሚሉት የሶፍትዌር ማስተርጎሚያ ነገር አለ። የእሱ ፒኦ ፋይል ዋናውን ጽሑፍ ከነትርጉሙ ይይዛል፤ ጽሑፉ ከየትኛው የኮድ መስመር እንደመጣም ይጠቁማል። ኤክስሊፍ የሚሉት የትርጉም ፋይል ዓይነትም አለ፤ ስሪት 1.2 እ.ኤ.አ. በ2008 ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ግን ምን ያደርጋል፣ ኃላፊው ሁለቴ ሲጫኑት አይከፈትም። ኃላፊ ፊት የማይከፈት ፋይል ደግሞ ፋይል አይባልም።

ኤክሴሉ ይመጣል። ተርጓሚው በመሃል የመቶኛ ምልክትና አንዲት ኤስ ያያል፤ የጸሐፊ ስህተት መስሎት ያጸዳታል። የባለጉዳዩ ስም የሚገባባት ቀዳዳ እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ማንን እንደሚያነጋግር ሳያውቅ «ክቡር፣ ማመልከቻዎ ደርሷል» ይላል። (ለነገሩ ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠውም ስማችንን ጠይቆን አያውቅም።)

የነጠላና የብዙ ነገር ይብሳል። በዩኒኮድ የቋንቋ መረጃ መሠረት አማርኛ ዜሮንም አንድንም በነጠላ ያስኬዳል፤ አፋን ኦሮሞ አንድን ብቻ። ፒኦ ለሁለቱም መልክ ቦታ አለው። ኤክሴሉ ያለው አንድ ዓምድ ነው፤ እሱም ቢጫ ተቀብቷል።

የተሻለ መሣሪያ ይገዛ ከተባለም ጨረታ ይወጣል። የፒኦ ፋይል ማረሚያው ፖኤዲት በነፃ ይገኛልና፣ «ዋጋ አላቀረበም» ተብሎ ከውድድር ውጭ ይሆናል።