ልጅንና መንጋን በአንድ ዘዴ የማበላሸት ጥበብ

በግ አርብቶ መንጋው የማይመናመንበት፣ ልጅ ወልዶ ልጁ የማይኮበልልበት ሰው ምንኛ ያልታደለ ነው! ጠላ ቤት ቢቀመጥ የሚያማርረው ነገር የለው፤ ዘመኑን የሚረግምበት ሰበብ የለው። ለእንዲህ ያለው ሰው መላ ይዤለት መጥቻለሁ። መላውን የተማርኩት ከአያ ወልደየስ ነው። አያ ወልደየስ መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ አጠገብ የሚኖሩ በግ አርቢ ናቸው። የፈጠርኳቸው እኔ ስለሆንኩ መሐል ሜዳ ድረስ ሄዳችሁ ብትጠይቁ አታገኟቸውም። እሳቸውን ቁርጥ የሚመስል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም።

ሥራው የሚጀመረው ልጁ ገና እረኛ ሳለ ነው። አንዲት ግልገል ስጠውና "ይቺ ያንተ ናት" በለው፤ ጎረቤትም ይስማ። ስም ያወጣላታል፤ ከቆሎው ይቆነጥርላታል፤ ጉሙ መንደሩን ሲውጠው እሷን ፍለጋ ዳገት ለዳገት ይንከራተታል። ትወልዳለች፤ የወለደችውም ትወልዳለች። ታዲያ የማዳበሪያ ዕዳ ወይም ተዝካር የመጣ ዕለት፣ ከሃያው በግ መካከል የሱን ለይተህ ሽጥ። ማታ ከትምህርት ቤት ተመልሶ "የታለች?" ሲልህ "ያንተ ያው የኔ አይደለም እንዴ?" በለው። አያ ወልደየስ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመውታል። ልጃቸው ጌታነህ መጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ፤ በሁለተኛው ዝም አለ፤ በሦስተኛው ሳቀ። ሳቁን ሲሰሙ "ልጄ አደገልኝ" አሉ።

ከዚያ ወደ አውራው በግ እንምጣ። የመንዝ በግን ማበላሸት ቀላል እንዳይመስልህ። ቁመቱ አጭር ቢሆንም ብርዱን የሚችል፣ ጠጉሩ ለባና የሚሆን፣ ሣር በጠፋበት በጋ እንኳ ከሞት የሚተርፍ ዘር ነው። እንዲህ ያለውን ለማዋረድ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቶሎ የሚያድገውን፣ ደረተ ሰፊውን ጠቦት ገና ዘር ሳይጥል ለገና ወይም ለፋሲካ ሽጠው፤ የገዢ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና ጥሩ ያወጣልሃል። ከገበያ ገበያ ተንከራትቶ ገዢ ያጣውን ከሲታ ግን ከሴቶቹ ጋር ልቀቀው፤ አባት ይሁን። ነገ ደግሞ ልጁ አባት ይሁን፤ ከእናቱም ከእኅቱም ይዋል። ጥቂት ዓመት ከታገሥህ በጎችህ ድመት ያካክላሉ። ያኔ "የዘንድሮ ሣር ምን ነካው?" ብለህ መገረም ነው።

ይህን ነባር ሙያ ሊያስረሱ የተነሡ አልጠፉም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ ተመራማሪዎች ከገበሬው ጋር ሆነው ጠቦት ይመዝናሉ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይመዘግባሉ፤ ምርጡን ለዘር አስቀርተው አባላቱ በጋራ ይጠቀሙበታል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝም አውራውን ያዘዋውሩታል። ያልተመረጠው ተቀጥቅጦ ይሰባል፤ ወይ ይሸጣል። ጌታነህ ይህን አይቶ መጣና "አባዬ፣ ዳለቻውን ጠቦት አይሽጡት፤ ለዘር ይቅር" አለ። አያ ወልደየስም "በግ ማርባት ከወረቀት አልተማርኩም!" ብለው ዳለቻውን በማግስቱ እየነዱ ወጡ። በአንድ ገበያ የመንጋውን ዘርም የልጁን አፍም ዘጉ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ቁጠባ አላየሁም።

ክረምት ሲወጣ መንጋውን ረግረግ ላይ አሰማራ። እዚያ የምትኖረው ትንሽ ቀንድ አውጣ የጉበት ትል ዕጭ ታራባለች፤ ዕጩ ሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። እየዋለ እያደረ በጉ ይከሳል፤ መንጋጋው ሥር ውኃ ይቋጥራል። ይህን አይቶ "ጉንጩ ሞላ፣ እየወፈረ ነው" ማለት ትልቅ ችሎታ ነው። ልጁ ረግረጉን ትቶ ሩቁን ደረቅ ዳገት ከመረጠ "ከጓደኞቹ ጋር ሊያውደለድል ነው" በለው። መድኃኒት የግድ ከሆነ ከገበያ፣ ሸራ ላይ ከተዘረጋው ግዛ። ለአንድ በግ የታዘዘውን ኪኒን ለሦስት አካፍል። ትሉ አይሞትም፤ መድኃኒቱን ግን ይላመደዋል።

የይዞታ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ "ኋላ ሁሉም ያንተ ነው" ማለትን እንዳትረሳ። ኋላ መቼ እንደሆነ አትናገር።

እስካሁን ያልኩህን ከፈጸምህ ልጁ ራሱ ያግዝሃል። ጌታነህ ማምሸት ጀመረ፤ ስልክ ገዛ፤ መልኩን አይቶት በማያውቀው የእንግሊዝ ክለብ ላይ ብር ያስይዝ ጀመር። ከጉረኖውም በግ ይጎድል ገባ። "ቀይ ቀበሮ በላው" ይላል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የሌለ፣ ያለውም ጥቂት መቶ ብቻ የቀረ አውሬ ነው፤ ጓሳ ላይ ኑሮው አይጥ ማደን ነው። ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ አይጥ ሲያሳድድ የኖረ አውሬ ድንገት በግ መረጠ፤ ያውም ሙክት ሙክቱን፤ ያውም በገበያ ቀን ብቻ! አያ ወልደየስን ይህ አልከነከናቸውም። "ዘመኑ ከፋ፤ አውሬውም ተማረ" አሉ። አንተም እንዲሁ በል። ልጅህን ከመጠየቅ አውሬውን መርገም ይቀላል፤ መልስ አይሰጥህም።

በመጨረሻ ልጁ አንድ ሌሊት ሳይሰናበት ደብረ ብርሃን ይገባል። አትፈልገው። ለፋሲካ የቀሩህን ሙክቶች አይሱዙ ላይ ጭነህ አንተም ወደዚያው ውረድ። አያ ወልደየስ በግ ተራ ሲደርሱ አንድ ደላላ ቀረባቸው፤ የእያንዳንዱን በግ ወገብ ዳበሰ፣ ላቱን መዘነ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። ከዚያ አይሱዙው ጀርባ ሄዶ ፊቱን በነጠላ ከሸፈነ ወጣት ጋር ሲንሾካሾክ ቆየ። ተመልሶ "ይሄ ረግረግ የጋጠ ነው፤ ጉበቱ ለሰው አይሆንም። ያኛው የእኅቱ ልጅ ነው። የዳለቻው ወንድም ደህና ነበር፤ ግን ዘንድሮ ተጎድቷል" እያለ ዋጋውን ከግማሽ በታች አወረደው። አያ ወልደየስ ተሟግተው ተሟግተው ሸጡ።

አገራቸው ተመልሰው ጠላ ቤት ሲቀመጡ የዚያን ደላላ ነገር አውርተው አልጠገቡም። "መቼም እንዲያ ያለ በግ አዋቂ አይቼ አላውቅም! ዘሩን ሳይቀር ነገረኝ እኮ። ያ የኔ መናጢ ሩቡን እንኳ ቢያውቅ ኖሮ መቼ እንዲህ እሆን ነበር!"