አሮጌዋን ካርድ ተዉልኝ

ከዘመኑ ልጆች ብዙ ነገር ችያለሁ። ሱሪያቸውን ችያለሁ፤ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ሳይነቅሉ “ደህና አደሩ” ማለታቸውንም ችያለሁ። አልዋጥልህ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ “ጋሼ፣ ድራይቨሩን አፕዴት ያድርጉት” የሚሉት። ጌሙ ተቆራረጠ፤ አፕዴት። ማራገቢያው ጮኸ፤ አፕዴት። ወገቤን ያመኛል ብላቸውም ከዚህ የተለየ መድኃኒት የሚያዙልኝ አይመስለኝም።

አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጌም እጫወታለሁ። እኩዮቼ ቀኑን ሙሉ ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ እነሱን ማን ጠየቃቸው?

የግራፊክስ ካርዴ ከሰው እጅ የገዛኋት፣ ማራገቢያዋ ሲነሳ የምትስል አሮጊት ናት። የእህቴ ልጅ ባለፈው መጣና ከ600 ሜጋባይት በላይ የሆነ ድራይቨር በእኔ ፓኬጅ (ልብ በሉ፣ በእኔ ፓኬጅ!) አውርዶ ጫነ። የካርድ ፍጥነት የሚለካበትን ቤንችማርክ ቢያስነሳው ነጥቡ ከበፊቱ ቀንሶ ቁጭ። “ጋሼ፣ ይቺ እኮ ልዩነት አትባልም” አለኝ። እርግጥ ነው፣ ከቤንችማርኮቹ አንዱ የሆነውን 3ዲማርክን የሚሠራው ድርጅት ራሱ ያው ኮምፒውተር ደጋግሞ ሲፈተን እስከ 3 በመቶ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው ይላል። ግን ነጥቡ ሲጨምር “አፕዴቱ ነው!”፣ ሲቀንስ “ልዩነት አይባልም” የሚል ዳኝነት የት አገር ነው ያለው? ደግሞ አዲስ ድራይቨር ሲጫን ቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው የሼደር (የምስል መሳያ ኮድ) ክምችት ይሰረዛል፤ የመጀመሪያው ሙከራ መንተፋተፉ አይገርምም። የመጀመሪያውን ጣሉት፤ ከዚያ ሦስቴ ፈትናችሁ መካከለኛውን ያዙ። ይህንንም እኔ ሽማግሌው ላስተምራችሁ?

ለመሆኑ ይኼ ድራይቨር የሚሉት ምን ይሠራል? ጌም የሚጽፉ ሰዎች የእያንዳንዱን ካርድ ጠባይ አይከታተሉም፤ ትእዛዛቸውን ዳይሬክትኤክስን በመሰለ የጋራ መንገድ ይሰጣሉ። ያንን ትእዛዝ ካርዱ ወደሚገባው ኮድ የሚቀይረው ድራይቨሩ ውስጥ የተቀመጠ ኮምፓይለር ነው። ኮምፓይለሩ ጎበዝ ሲሆን ያው ብረት ይፈጥናል፤ ሲለግም ያው ብረት ይጎተታል። ስመ ጥር ጌም ሲወጣማ ድራይቨር ጸሐፊዎቹ የጌሙን ሼደር ገለል አድርገው ራሳቸው በሞረዱት እስከ መተካት ይደርሳሉ። ስለዚህ ልጆቹ በስኮር ሲፎክሩ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ከፉከራው ሲሶው የካርዱ ሳይሆን ስሙ የማይታወቅ የአንድ ፕሮግራመር ላብ ነው።

ተንኮሉም ዛሬ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የካርድ ሠሪው የኤቲአይ ራዲዮን 8500 ሲወጣ፣ ድራይቨሩ “ኩዌክ 3” የተባለውን ጌም በፋይሉ ስም ይለየው ነበር። ነገሩን የጠረጠሩ ጋዜጠኞች የፋይሉን ስም “ኩዋክ 3” ብለው ቢቀይሩት ፍጥነቱ ወረደ፤ ምስሉ ደግሞ ጠራ። ጥራቱን በድብቅ ሸጦ ፍጥነት ይገዛ ኖሯል።

በ2003 ተራው የተፎካካሪው የኤንቪዲያ ሆነ። በ3ዲማርክ 03 ፈተና ካሜራው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ድራይቨሩ ያንን መንገድ በቃሉ ይዞታል። ካሜራው የማይደርስበትን ቦታ ለመሳል አይደክምም። ፈታኞች ካሜራውን ከለመደው መንገድ ወጣ ሲያደርጉት ምስሉ ተበለሻሽቶ ተገኘ። የፈተናው ባለቤት ፊውቸርማርክ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ማስተካከያ ሲያወጣ፣ የኤንቪዲያው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5900 አልትራ ነጥብ 24 በመቶ ገደማ ወደቀ። የኤቲአይም 2 በመቶ ያህል ቀንሷልና እሱም እጁን ታጥቦ አልመጣም። ጥቂት ቆይተው ፊውቸርማርክና ኤንቪዲያ የጋራ መግለጫ አወጡ፤ ነገሩ ለአንድ ፕሮግራም ተብሎ የተደረገ ማሻሻያ እንጂ ማጭበርበር አይደለም ተባለ። ሽማግሌ ገብቶበት መሆን አለበት።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው “ጋሼ፣ እሱ ድሮ ነው፤ አሁንማ አፕዴት አሮጌ ካርድ ያድሳል” ይለኛል። ማስረጃው የኤኤምዲ ራዲዮን ኤችዲ 7970 ነው። ያቺ ካርድ በ2011 ማብቂያ ይፋ ሆና፣ በ2012 መጨረሻ ገደማ ካታሊስት 12.11 የተባለው ድራይቨር ሲመጣ በብዙ ጌሞች ፍጥነቷ በግልጽ ጨመረ። በኋላም በ2013 የወጡት ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ከእሷ ጋር አንድ ዘር ያለው ቺፕ ይዘው መጡ፤ ጌም ሠሪው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ጠባይዋን ተማረ። ያኔ ነው “የኤኤምዲ ካርድ እንደ ወይን ጠጅ ሲቆይ ይጣፍጣል” የተባለው። ሲቆይ የጣፈጠው መጀመሪያ ሲቀዳ ጥሬ ስለነበረ ነው! ሰውየው 549 ዶላር ከፍሎ የገዛውን ፍጥነት በዓመቱ ቢያስረክቡት፣ ይኼ ውዝፍ ዕዳ መክፈል እንጂ ቸርነት አይደለም።

ክፉውን ወሬ ደግሞ እኔ ልንገረው። በግንቦት 2015 “ዊቸር 3” ሲወጣ፣ ኬፕለር የሚባለው ትውልድ የኤንቪዲያ ካርዶች ባለቤቶች እሪ አሉ። በ2013 በ649 ዶላር የተሸጠው ጂቲኤክስ 780፣ በ199 ዶላር ከወጣው ከጂቲኤክስ 960 እምብዛም የማይሻል ሆኖ ተገኘ። “አዲሱን እንድንገዛ አሮጌውን ሆን ብለው አደከሙት” የሚለው ሐሜት አገር ምድሩን ሞላው። እኔም ሐሜቱን ደስ እያለኝ ነበር የሰማሁት፤ ሆኖም ሐቁን መናገር ግድ ነው። ቀድሞ የወጡ ጌሞች በድሮውና በአዲሱ ድራይቨር ጎን ለጎን ሲፈተኑ የአሮጌው ካርድ ነጥብ አልወደቀም። የተጎዳው በአዲሱ ጌም ነው። በወሩ መጨረሻ 353.06 የተባለው ድራይቨር ለኬፕለር ማስተካከያ ይዞ ሲመጣ ነገሩ ቀለል አለ። አያችሁ፣ አሮጌዎቹን ካርዶች ማንም መርዝ አላበላቸውም። የሚያስታውሳቸው ሰው ነው የጠፋው፤ እሱም የመጣው እሪታው ሲሰማ ነው። ይህ ጠባይ ከካርድ ሰፈር ውጭም ያለ መሆኑን ዕድሜዬ ነግሮኛል።

ካርድ ከተረሳ ቀጥሎ የሚመጣው ጡረታ ነው፤ አዲስ ድራይቨር አይሠራለትም። ኤኤምዲ ያቺን ሲቆይ ይጣፍጣል የተባለላትን 7970 ከነዘመዶቿ በሰኔ 2021 አሰናበተ። የኬፕለርም ተራ በዚያው ዓመት ደረሰ። የኤንቪዲያዎቹ የማክስዌልና የፓስካል ትውልድ፣ የተወደደው ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ጭምር፣ ለአዳዲስ ጌሞች የሚወጣላቸው ድራይቨር በጥቅምት 2025 አበቃ፤ እስከ ጥቅምት 2028 የደኅንነት ጥገና ብቻ ይቆረጥላቸዋል። ሌሎች ያለቅሳሉ፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሰላም እለዋለሁ። ጡረታ የወጣች ካርድ ነጥቧ አይወጣም፣ አይወርድም፤ የሚነካካት የለም። በሊኑክስ በኩል ሜሳ የተባለውን ድራይቨር የሚሠሩ ሰዎች ለአሮጌ ራዲዮኖች ዛሬም እንደሚደክሙ የእህቴ ልጅ ነግሮኛል። እግዜር ይስጣቸው። እሱን ልጫንልዎ ሲለኝ ግን በሩን አሳየሁት።

አሁን ደግሞ ድራይቨሩን ከመወንጀላችሁ በፊት ካርዳችሁን ገልጣችሁ እዩት። የአዲስ አበባን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙቀት ማስወጫው ተደፍኖ፣ በቺፑና በብረቱ መሃል ያለው ፔስት ደርቆ ካርዱ ሲግል፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያን ጊዜ የዓለም አፕዴት ቢወርድለት አይነቃም። አቧራውን አራግፉ፣ ፔስቱን ቀይሩ፣ ከዚያ ፈትኑ። በደህና የሠራላችሁን ድራይቨርም ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ ኮምፒውተሩ ሌሊት ሳያስፈቅድ ሌላ ጭኖ ቢያድር ትመለሱበታላችሁ።

የደኅንነት ጥገና ሲመጣ እጭናለሁ፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ከዚያ በተረፈ ግን “ጋሼ፣ የእኔ ካርድ ይህን ያህል አመጣ” እያላችሁ ደጄ የምትመጡ ልጆች፣ ከነጥቡ ጋር የድራይቨሩን ቁጥር ጽፋችሁ አምጡ፤ ስንት ጊዜ እንደፈተናችሁትም ጨምሩበት። ሳትይዙ የመጣችሁ እንደሆነ ቡናው ይጠጣል፣ ስለ ስኮር ግን አንነጋገርም።