ኧረ ይህ ክዳን ይግጠም!

መንዝ ውስጥ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሁሉ አንድ ዕቃ ያምረናል፤ ከላይ የሚቀመጡበት፣ ከውስጡ የሚያስቀምጡበት ባለሳጥን አግዳሚ። ክፍላችን ጠባብ ነው። ገብሱ፣ ባቄላው፣ በሶው፣ ባናው፣ የልጆቹ ደብተር ሁሉም ወለል ላይ ነው። ጎታ እንዳናቆም ቤቱ የሰው ነው፤ በጭቃና በጭድ ተለስኖ የቆመ ጎታ ከተከራይ ጋር አይጓዝም፣ ማረፊያም አይሆንም። ስለዚህ ጣውላ እንገዛለን፣ መጋዝ እንዋሳለን፣ ሳጥን እንሠራለን። የሠራነውም ይጣመምብናል። መሐል ሜዳ ይጣመማል፣ ሞላሌ ይጣመማል፣ ራቤልም ይጣመማል።

ከጣውላው እንጀምር። ባሕር ዛፍ ነው፤ ሌላ ምን አለን? ጽድ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ደግ አድርጓል፤ ከወፍ ዋሻ ደን ጽድ ለሳጥን ይቆረጥልን የሚል ከመካከላችን የለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍም ጣሪያችንን የተሸከመ፣ ምጣዳችንን ያሞቀ ባለውለታችን ነው። ያስመረረን ዛፉ ሳይሆን ትናንት ተቆርጦ ዛሬ መሸጡ ነው።

ስንገዛው ቀጥ ያለ ነው። ስናነሣው ግን ይከብዳል፤ የሚከብደውም ውኃው ነው። «ደርቋል ወይ?» እንላለን። «አጥንት ነው!» ይሉናል። ነሐሴ ላይ፣ በጉሙ ውስጥ፣ ክዳኑ ልክክ ብሎ ይገጥማል፤ ደስ ይለናል። ጥቅምት ይገባል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ፣ በመካከሉ ደረቅ ነፋስ። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ከፍ ባለ አገር እንዲህ ያለው አየር የጣውላውን ውኃ በጥድፊያ ይመጠዋል። እንጨት ሲደርቅ ደግሞ በሁሉም በኩል እኩል አይኮማተርም፤ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። በባሕር ዛፍ ይብሳል፤ ገና በቁሙ ሳለ ግንዱ ውስጥ ውጥረት አለ፤ ሲሰነጠቅ ያ ውጥረት ይፈታል። ኅዳር ላይ ክዳኑ እንደ ሰፌድ ጎድጉዷል፣ ጫፉ ተተርትሯል፣ ማጠፊያው ሚስማሩን ይዞ ወጥቷል።

ሚስማሩስ! እርጥቡን ጣውላ ስንመታው ይገባል፤ ጣውላው ሲደርቅ ይላላል። ደረቁን ስንመታው ወይ ሚስማሩ ይጎብጣል ወይ ጣውላው ይሰነጠቃል። ቀድመን በመሰርሰሪያ እንብሳ ስንል መብራት የለም። መብራት ሲመጣ መሰርሰሪያውን ጎረቤት ወስዶታል። ማጠፊያው ጥንድ ተብሎ ይሸጣል፤ ጥንዱ ግን እኩል አይደለም። ብሎኑ ለቀዳዳው ይወፍራል፤ የሚገባው ቀጭን ብሎን ደግሞ ጭንቅላቱ አብሮ ያልፋል።

ኮላም አለ። ነጩ የእንጨት ኮላ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ በቅጡ አይይዝም፤ ዱቄት መስሎ ይደርቃል። እኛ የምንቀባው ከሥራ ስንመለስ፣ ማታ ነው። የመንዝን ማታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ሳጥኑን ብድግ ስናደርግ ግድግዳው ይከተለናል፣ ወለሉ እዚያው ይቀራል። ቀን በስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ የሞቀው እንጨት ላይ ቢቀባ ይይዛል፤ በስምንት ሰዓት ቤቱ የሚገኘው ግን ማን ነው?

«ቺፕውድ ግዙ» የሚሉን አሉ። ቺፕውድ በጣርማ በር ጉም አልፎ፣ በተቀደደ ሸራ ሥር ዝናብ ጠጥቶ፣ ጠርዙ አብጦ ይደርሰናል። «በላሜራ አስበይዱ» የሚሉም አሉ። ላሜራ በብርድ ሌሊት ያልበዋል፤ ላቡ ከክዳኑ ሥር ይንጠባጠባል፤ ገብሱ ይሻግታል። ወደ ጀማ ሸለቆ የወረዱት የመርሐቤቴ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ ሳጥናቸውን ከሥሩ ምስጥ ይበላዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳጥኑ ደህና ሆኖ የቆመ ዕለት የሚመጣው ነው። አግዳሚው የእንግዳ ቦታ ነው። አጎዛ ይነጠፍበታል። ጋሼ ይቀመጣሉ፣ እትዬ ይቀመጣሉ፣ የነፍስ አባታችን ይቀመጣሉ። ቆሎ ይቅረብ ይባላል። ቆሎው የት ነው? ከሥራቸው። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንዴ ይነሡልኝ።» ይነሣሉ። አጎዛው ይነሣል። ክዳኑ ይያዛል፤ አልከፈት ይላል፤ ሁለት ሰው ይታገለዋል፤ ይከፈታል። ቆሎው ይወጣል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ አጎዛው ይነጠፋል፣ እንግዶቹ ይቀመጣሉ። ከዚያ ስኳሩም እዚያው ውስጥ መሆኑ ትዝ ይለናል።

በሩ ከፊት ቢሆን ኖሮ ማንንም አናስነሣም ነበር። አናጢዎቻችን ይህን አጥተውት አይደለም። የፊት በር አራት ማዕዘኑ ያልተዛባ ክፈፍ ይፈልጋል፤ ክፈፍ ቀጥ ያለ እንጨት ይፈልጋል፤ ቀጥ ብሎ የሚቀር እንጨት ደግሞ ደረቅ ብቻ ነው። የላይ ክዳን ቢጣመምም ሰው ሲቀመጥበት ተጭኖ ይውላል። ስለዚህ ክዳኑን ከላይ ይመቱልናል፤ እኛም ሽማግሌ እናስነሣለን።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚጀምረው ከጣውላው ክምር ነው። ጣውላ አደራረቁ የታወቀ ነው፤ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ይደረደራል፤ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ ቀለም ወይም ሰም ይቀባል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል። የጓሳን ሣር ጊዜው ሳይደርስ አይታጨድም ብሎ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ ሲጠብቅ የኖረ አገር፣ ለጣውላ አንድ ዓመት መታገሥ አያቅተውም። ለደረቁ ጨምረን እንከፍላለን፤ አሁንም ቢሆን አንድ ሳጥን ሁለት ጊዜ ስንሠራ የምንከፍለው ከዚያ በላይ ነው።

ጣውላ ሻጮች ሆይ፣ ማድረቂያ ቦታ ከሌላችሁ የተቆረጠበትን ወር በከሰል ጣውላው ላይ ጻፉልን። እርጥብ ከሆነም እርጥብ ነው በሉን፤ ገዝተን እኛው እናደርቀዋለን።