«ያለው ሰው ይላክ»፦ በክፍል ቴሌግራም ግሩፕ የዕውቀት ዝውውርን ስለሚወስኑ ነገሮች

የጥናቱ መስክ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ ነው። የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በሊንክ ይገባል፣ ከገቡም በኋላ «ማነህ?» የሚል የለም።

ለዕውቀት መጋራት ዋናው እንቅፋት ቴክኖሎጂ ነው የሚለው መላምት ገና ከጅምሩ ወድቋል። ቴሌግራም አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ይቀበላል፤ የሴሚስተሩ ሃንድአውት በሙሉ ቢጫንበት አይከብደውም። በየካቲት 2015 ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋር ተገድቦ ለወራት በቆየ ጊዜም፣ የትኛው ቪፒኤን እንደሚሠራ የሚገልጸው ዕውቀት ማንም ሳይለምን ዶርሙን ሁሉ አዳርሷል። ስለዚህ ችሎታው አለ።

ወሳኙ ተለዋዋጭ ሰዓት ነው። በሚድ ዋዜማ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ አንድ ተማሪ «የአምናውን ሚድ ያለው ሰው ይላክ፣ በፈጣሪ!» ብሎ ለጠፈ። አራት ሰዎች «ለእኔም» አሉ፤ አንዱ የምታለቅስ ድመት ስቲከር ላከ። (የድመቷ አስተዋፅኦ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።) ከዚያ በክፍሉ ቀለሜ ስም «እየጻፈች ነው» የሚል ታየ። ጠፋ። እንደገና ታየ፤ ጠፋ። በማግስቱ ፈተናው ባለቀ በሩብ ሰዓት ፋይሉ ደረሰ፤ «ሶሪ ጋይስ፣ አሁን ነው ያየሁት» የሚል ታክሎበታል። ቴሌግራም አባላቱ ከመቶ በማይበልጡ ግሩፖች መልእክቱን እነማን እንዳዩት ለላኪው ለ7 ቀን ያሳያል፤ ጠያቂው ልጅ ማታውኑ የእሷን ስም አይቶታል። ሆኖም «ቴንኪው» ብሎ ልብ ለጠፈላት። ፋይናል ገና ነው።

ፋይሉ ራሱ በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው፤ 7ኛው ጥያቄ ላይ አውራ ጣት አርፎበታል። መልሶቹ በእስክሪፕቶ ተከበዋል። ያከበበው ሲኒየር ስንት እንዳመጣ አይታወቅም፤ ክፍሉ ግን ሸምድዶታል።

ስስቱ ከየት መጣ? ግሬዱ እርስ በርስ ያወዳድራል ተብሎ በሚታመንበት ክፍል፣ ለጓደኛ የተላከ ፒዲኤፍ ከራስ ኤ ላይ እንደተቆረሰ ይቆጠራል። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ግን ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ የጓደኛ ማለፍ ማንንም አይጥልም። በዚህም የተነሣ በጂሲዎች ግሩፕ ሞጁሉ፣ ሞዴል ፈተናው፣ ማጠቃለያው ያለ ልመና ይዘንባል። ላኪዎቹ እነዚያው፣ ትናንት ሲጽፉ ሲያጠፉ ያመሹት ቀለሜዎች ናቸው።

መምህር ግሩፑ ውስጥ ሲጨመር ዝውውሩ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚለጠፈው «እንኳን አደረሳችሁ» ብቻ ነው። ዕውቀቱ መምህሩ ወደማያውቀው ሁለተኛ ግሩፕ ይሰደዳል። አጥኚው የዚህኛውን ሊንክ ከክፍሉ ተጠሪ በውስጥ መስመር ጠይቆ «የምን ግሩፕ?» የሚል መልስ አግኝቷል።